የሄሮድስ ወታደሮች የማንን ልብስ ይልበሱ?

ጥያቄ፤ ከአንድ የቅዱሳት ሥዕላት ሠዓሊ

ይህን ጥያቄ የማቀርበው በቅዱሳት ሥዕላት ሥራ ለተሰማራችሁ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ላለፋችሁና ነገሩ ለሚገዳችሁ ሁሉ ነው። ሥዕል የተማርሁት በአዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኑሮዬን የምመራው በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናትን መቅደስ በመሣል ነው።

በቅርቡ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የምትገኝ የአንዲት የገጠር ደብር ሰበካ ጉባኤ ሥራ ሰጥቶኛል። ደብሯ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። በጦርነቱ ጊዜ የቅኔ ማኅሌቷ ጣሪያ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ተነሥቷል፤ የመቅደሱ ግድግዳም በጥይት ተበሳስቷል። በአቡጀዲ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት አሮጌ ሥዕሎች መካከል ከፊሎቹ ዝናብ ገብቶባቸው ከምርጊቱ ተላቅቀዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ደረቱ ላይ ተበሳስቶ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ ይታያል።

ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀበትን ታሪክ አዲስ መሣል ነው። ታሪኩ የተመረጠው በአጥቢያው እናቶችና ሕፃናት ጭምር ስለ ተገደሉ ነው፤ በዚህ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። የተቸገርሁት ከጉባኤው አባላት አንዳንዶቹ፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ የሄሮድስ ወታደሮች ያን ቀን ወደ ቀበሌያቸው የገቡትን ታጣቂዎች የደንብ ልብስ ለብሰው እንዲሣሉ በመጠየቃቸው ነው። ከዚያም አልፈው በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወሩ የነበሩ ፎቶግራፎችን በስልካቸው አሳይተውኛል። አንደኛው ፎቶግራፉን በሁለት ጣቶቹ እያሰፋ፣ «ይኸኛው ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳትረሳት» አለኝ። እንደምታውቁት በነባሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳኑና ምእመናኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ዐመፀኞቹ ግን በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የሚጠይቁኝ እነዚያ ሰዎች መልካቸው ሳይለወጥ በአንድ ዓይን እንዲሣሉ ነው። እኔ ካልሣልሁ ደግሞ ከተማ ወርደው በባነር አሳትመው እንደሚሰቅሉት ነግረውኛል።

እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን የቀበሩ ናቸው፤ በእነርሱ ፊት ቆሞ ስለ ሥዕል ሥርዐት መከራከር ይከብዳል። በሌላ በኩል፣ ጣሪያው ካላፈሰሰ ይህ ሥዕል ከእኔም ከእነርሱም በኋላ ለብዙ ትውልድ ይቆያል። ከዚህ ቀደም አባቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር አድርገው ያውቃሉን? እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?


መልስ 1፤ ከአንድ የቅኔ መምህር

ልጄ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር የተገደሉትን ነፍስ ይማር፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። ጉባኤው ይህን ታሪክ መምረጡ ተገቢ ነው። ስንክሳራችን በጥር 3 ቀን መቶ አርባ አራት ሺህ የቤተ ልሔም ሕፃናትን ያስባል፤ ያ ቀን በተነበበ ቁጥር የአጥቢያው እናቶች የራሳቸውን ልጆች ከእነዚያ ሕፃናት ጋር ማሰባቸው የእምነታችን ባሕርይ ነው፤ ማንም ሊከለክላቸው አይገባም።

ነገር ግን ዓይኑን ስትሥል ስለምትፈርደው ፍርድ አስብ። ሠዓሊው ይሁዳን በአንድ ዓይን ቢሥል የይሁዳ ፍጻሜ በወንጌል ተጽፎለታል፤ ሄሮድስንም እንደዚሁ። በስልክ ያሳዩህ ያ ጠባሳ ያለበት ሰው ግን ፍጻሜው ገና አልተጻፈም። በሕይወት ካለ ንስሓ ሊገባ ይችላል። በሕግ ተይዞ ሊፈረድበትም፣ ፎቶግራፉ የሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝም ይችላል። አንተ ግን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ፍጻሜውን ቀድመህ ዘጋህበት ማለት ነው።

ከስቅለቱ ሥዕል አጠገብ ጦር ይዞ የሚቆመውን ለንጊኖስን አስታውስ። በእኛ ትውፊት አንድ ዓይኑ የታወረ ወታደር ነበር፤ የጌታን ጎን በጦር በወጋው ጊዜ ከጎኑ የፈሰሰው ደም ነክቶት ዓይኑ በራለት፤ ከዚያም አምኖ በሰማዕትነት አለፈ። በላዔ ሰብእንም ተመልከት። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው በየኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ የምናየው፣ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ስለ ሰጠ ነው። የበላቸው ሰዎች ወላጆችና ዘመዶች አልነበሯቸውምን? ነበሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሥዕሉን የምታሳየን ነፍሱ በምትመዘንበት ሚዛን ላይ እንጂ ሰው በበላበት ገበታ ላይ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ብታደርግ እመክርሃለሁ። ወታደሮቹን ከጥንቱ የሥዕል ልማድ ሳትወጣ ሣላቸው፤ በላያቸውም እንደ ልማዱ «ዘከመ ቀተሎሙ ሄሮድስ ለሕፃናት» ብለህ ጻፍ። ከሥዕሉ ግርጌ ደግሞ ቀድሞ ሥዕሉን ያሠራው ሰው «ተማኅፀነ» ተብሎ ስሙ በሚጻፍበት ቦታ፣ የሞቱትን ሰዎች የክርስትና ስም አንድ በአንድ ጻፍላቸው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ ያን የክብር ቦታ ለእነዚህ ሙታን ብትሰጣቸው የሚቃወምህ አይኖርም።


መልስ 2፤ ከሜሪላንድ

መምህር፣ ምክርዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ የስሞቹም ነገር ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን ሌላውን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። እኔ በዚህ በአሜሪካ ሆነን ለተቃጠሉና ለፈረሱ አድባራት ገንዘብ ከምናሰባስበው መካከል ነኝ። ወንድሜ የተገደለው በዚያው ጦርነት በቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። መሣሪያ አልያዘም፤ ከብት አስገብቶ በሩን ሊዘጋ ሲል ነው።

እኛን ሁሉም ሰው ወደ ይቅርታ ይጠራናል። ካህኑም፣ ሽማግሌውም፣ በቴሌቪዥን የሚናገረው ባለሥልጣንም የሚጠሩት እኛን ነው፤ ይቅርታ የጠየቀን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ወንድሜን ማን እንደ ገደለው የመረመረ ፍርድ ቤት የለም። ታዲያ ወጣቶቹ ግድግዳውን ምስክር ማድረግ ቢፈልጉ ምን ይገርማል? ሌላ ምስክር የሚቆምላቸው ቢያገኙ ኖሮ በሠዓሊው ላይ ይህን ሸክም አይጭኑም ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችን አድገው ያን ሥዕል ሲያዩ፣ ገዳዮቹ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሌላ አገር የኖሩ ሰዎች ብቻ መስለው እንዲታዩአቸው አልፈልግም። ይህ በእኛ ዘመን፣ በእኛ ደጃፍ የሆነ ነገር ነው።

የንስሓ በር ክፍት መሆኑን አውቃለሁ። ለንጊኖስ ግን ያመነው ከመስቀሉ ሥር ቆሞ ያደረገውን በዓይኑ አይቶ ነው። ያደረገውን እንዲያይ ካልተደረገ ሰው ከየት ጀምሮ ንስሓ ይገባል? መልኩ ይሣል አልልም፤ በዚህ መምህርን ተቀብያለሁ። ዘመኑ ግን ይታወቅ። ሠዓሊው ይህን እንዴት እንደሚያደርገው እርሱ ያውቃል፤ ሙያው ነውና።


መልስ 3፤ ከአንድ የሥነ ጥበብ መምህር

እኅታችን የተናገሩት መልስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም የሥዕል ታሪካችንም በከፊል ከእርሳቸው ጎን ይቆማል። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ዘመናቸውን ከግድግዳው አላራቁም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከተሣሉት አንዳንዶቹ ላይ ፈርዖንን ተከትለው በኤርትራ ባሕር የሚሰጥሙት ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ይታያሉ። የዐድዋም ሥዕል አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የተደረገውን ጦርነት የሣሉት ባህላውያን ሠዓልያን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ከሰማይ አውርደው፣ ኢትዮጵያውያኑን በሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹን በአንድ ዓይን ሥለዋል፤ የደንብ ልብሳቸውንም ሳያስቀሩ። ስለዚህ ሠዓሊው «አባቶቻችን አድርገውት ያውቃሉን?» ብሎ ለጠየቀው መልሱ፣ አዎን፣ ጠላትን በዘመኑ ልብስ ሥለው ያውቃሉ፣ የሚል ነው። ትውፊቱ ይህን አያውቅም ብሎ ወጣቶቹን ዝም ማሰኘት እውነትን መደበቅ ይሆናል።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በዐድዋ ሥዕል በአንድ ዓይን የተሣለው ጣልያን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር፤ በዚያ ሥዕል ፊት ቆሞ ራሱን በአንድ ዓይን ተሥሎ የሚያገኝ ምእመን አልነበረም። በዚህኛው ጦርነት ግን በሁለቱም ወገን የተሰለፉት በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ በአንድ ዓይነት ታቦት ፊት የሚሰግዱ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ነገ መንገዱ ሲከፈት የዚያ ወታደር እናት ስለት ይዛ ወደዚያች ደብር ልትመጣ ትችላለች። ደረጃውን ተሳልማ ቀና ስትል ልጇን ከሄሮድስ ጭፍራ መካከል ብታገኘው፣ ወደ መቅደሱ የምትቀርብበት እግር ይኖራታልን? እኔ ከሁሉ አስቀድሞ የማስበው ስለ እርስዋ ነው፤ እርስዋ ማንንም አልገደለችምና።

የፎቶግራፎቹ ጉዳይ ደግሞ ከሥዕል ሥርዐትም በፊት የፍትሕ ጉዳይ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር ፎቶግራፍ ማን እንዳነሣው፣ የትና መቼ እንደ ተነሣ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በጦርነቱ ጊዜ የአንዱ አካባቢ ፎቶግራፍ የሌላው ተብሎ ሲሰራጭ ሁላችንም አይተናል። ፎቶግራፎቹ ማስረጃ ከሆኑ ቦታቸው መርማሪ ዘንድ ነው፤ ወጣቶቹ እንዳያጠፏቸው፣ ከነተላኩበት ቀን እንዲያስቀምጧቸው ንገራቸው።

እኅታችን «ዘመኑ ይታወቅ» ላሉት ግን መንገድ ያለ ይመስለኛል። ዘመኑን በገዳዮቹ ልብስ ፋንታ በተገዳዮቹ ቤት ማሳየት ይቻላል። የቤተ ልሔም እናቶች የዚያን አጥቢያ ሴቶች ቀሚስና ነጠላ ይልበሱ፤ ሹሩባቸውም የአካባቢው ይሁን። በሩ የቆርቆሮ በር፣ ከደጃፉም ቢጫው የውኃ ጄሪካን ይታይ። ያን ያየ ልጅ ይህ ነገር የተደረገው በማን ላይ እንደ ሆነ አይጠፋውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ግን ከግድግዳው ውጪ ነው። አንተ ሠዓሊ ብቻ ሳትሆን ያን ሁሉ የሰማህና ያየህ ሰው ነህ፤ የሰማኸውን ሁሉ ቅዱሳት ሥዕላት ሊሸከሙልህ አይችሉም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ አባቱ የብራና መጻሕፍትን ሥዕል የሚሥሉ አለቃ ነበሩ፤ እርሱ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሥል፣ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሞላው። ወታደር የለም፣ ጦር የለም፣ በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው የለም፤ ሕመሙ ግን ከሸራው ወጥቶ ይመጣብሃል። ያን ሥራ ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችውም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም አልተሰቀለም። ሆኖም ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ሥራ መሆኑ ይታወቃል። አንተም ለዚህ የሚሆን ሸራ ወጥር። ጠባሳ ያለበትን ሰው እዚያ ላይ ብትጋፈጠው፣ የምትጠየቀው አንተ ብቻ ነህ።


መልስ 4፤ ከአንዲት የቅርስ ጥገና ባለሙያ

ውይይቱ በአዲሱ ሥዕል ላይ ስላተኮረ፣ ስለ አሮጌዎቹ የሚናገር ሰው በመጥፋቱ ነው የጻፍሁት። ሠዓሊው ወንድማችን በምርጊቱ ላይ የተለጠፈ አቡጀዲ አለ ብለዋል። እባክዎ በእነዚያ ላይ ምንም ዓይነት አዲስ ቀለም አይቀቡ፤ የተላቀቀውንም አንሥቶ የሚጥል ሰው እንዳይኖር ከቄሰ ገበዙ ጋር ይነጋገሩ። በአገራችን «እናድስ» በሚል በጎ አሳብ የጠፋው ሥዕል በጦርነት ከጠፋው ያንሳል ለማለት አልደፍርም። በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ቡድን አሮጌዎቹን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው አብሮት የመጣ ሠዓሊ ያዘጋጃቸውን አዳዲስ ቅጂዎች ለጥፎ ሄደ። የቀድሞዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚያን ጊዜም አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል የሚለው አሳብ ለልውውጡ በር ከፍቶ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህን የምለው ሰበካ ጉባኤውን ለማስፈራራት አይደለም፤ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር አንድ ደብዳቤ ቢጻጻፉ ለእርስዎም ለደብሯም ጥበቃ ይሆናል።

የጥይቱን ቀዳዳዎች በተመለከተ የእኔን አስተያየት ልናገር። በፈረሱ ደረት ላይ ያሉትን አይድፈኗቸው። ዙሪያቸው እንዳይሰነጠቅና እንዳይሰፋ አጽንቶ መተው ይቻላል። ከሜሪላንድ የጻፉት እኅታችን የፈለጉት ምስክር በዚያ ግድግዳ ላይ ቀድሞ አለ፤ ማንም ሠዓሊ አልሣለውም፤ በሐሰትም ሊከሰስ አይችልም።

በባነር ለማሳተም ያሰቡትንም ይከልክሏቸው። የባነሩ ፕላስቲክ አየር አያሳልፍም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከኋላው እርጥበት ይጠራቀማል፤ ከዚያም ምርጊቱ ይሻግታል፣ ከሥሩ የቀረ ሥዕል ካለም አብሮ ይወርዳል።


የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ የስሞቹን አሳብ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ለጉባኤው አቅርቤላቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ወዲያውኑ ተቀበሉት፤ ከመካከላቸው አንዱ የሟቾቹን የክርስትና ስም ከየንስሓ አባቱ ሰብስቦ እንዲያመጣም ተመድቧል። ወጣቶቹ ግን ሁሉም አልተስማሙም። ጠባሳውን ያሳየኝ ልጅ ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። ተከትየው ሄጄ፣ እናቱ ያን ቀን ለብሳው የነበረውን ቀሚስ ቀለምና ጥልፍ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ነገረኝ። ከቤተ ልሔም እናቶች አንዷ ያን ቀሚስ ትለብሳለች። ከውሳኔው ጋር ይስማማ አይስማማ እስከ አሁን አላውቅም፤ ዳግመኛም አነጋግረዋለሁ።

የሜሪላንዷ እኅቴ፣ የወንድምዎን የክርስትና ስም ቢልኩልኝና የአጥቢያው ካህናት ቢፈቅዱ፣ ከግርጌው ስሞች ጋር ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ። አጥቢያው ሌላ ቢሆንም ጉባኤው የሚከለክለኝ አይመስለኝም።

ለጥገና ባለሙያዋ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊቱ በጧፍና በዕጣን ጢስ ጠቁሯል፤ የታችኛው ጠርዝም ከምርጊቱ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ምን ባደርግ ይሻላል?


መልስ 5፤ ከዚያችው የቅርስ ጥገና ባለሙያ

ውኃ፣ ሳሙናም ሆነ ነጭ ጋዝ አያስነኩት። የጥንቱ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በእንስሳ ሙጫ የተበጠበጠ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ከጥቀርሻው ጋር ይነሣል። ጥቀርሻውን ለጊዜው እንዳለ ይተዉት፤ ልል አቧራውን ብቻ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ፤ ቀለሙ የሚፈረፈርበት ቦታ ካለ ብሩሹም አይድረስበት። የተንጠልጠለውን ጠርዝ በምስማር አይምቱት፤ በገበያ ያለውን ነጭ ኮላም አይጠቀሙ፤ ኋላ የሚነሣ አይደለም። ከሥሩ ንጹሕ አቡጀዲ አጥፈው በመደገፍ ክብደቱ እንዳይጎትተው ያድርጉ። ቫርኒሽ የሚባል ነገር እንዳይቀባ። ከሁሉ በፊት ግን ጣሪያው ይከደን፤ ገንዘቡ ለሥዕልና ለቆርቆሮ የማይበቃ ከሆነ ዘንድሮ ቆርቆሮው ይቅደም። እርስዎም ሥራ ከመጀመርዎ አስቀድሞ እያንዳንዱን ግድግዳ በቀን ብርሃን፣ ከአጠገቡ ሜትር አድርገው ፎቶግራፍ አንሥተው አንዱን ቅጂ ለደብሯ፣ አንዱን ለሀገረ ስብከቱ ይስጡ።